ከልጄ የደበቅሁት የስልክ ጥሪ

ነገሩ የሆነው ካቻምና፣ እዚህ አገር ዝናቡ ሊጀምር ሲል ነው። ከዚያ ወዲህ የሰው ስልክ አጠገቤ ሲጮህ እጄን ወደ ኋላ አደርጋለሁ። የሚያውቁኝ ይስቁብኛል። ይሳቁ፤ የደረሰብኝን የማውቀው እኔ ነኝ።

የምኖረው ሀደራ ከተማ፣ ክፋር ብራንዳይስ የሚባል ሰፈር ነው። በሱዳን በኩል ስመጣ ገና የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ብዙ ዓመት አረጋውያን መጦሪያ ስለሠራሁ ዕብራይስጡን መናገር አይቸግረኝም፤ ማንበቡ ነው እንጂ። ባለቤቴ ካረፈ ቆይቷል። ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት። ኦርሊ ትባላለች፤ የሕፃናት መዋያ አስተማሪ ናት።

ኦርሊ አግብታ ሰባት ዓመት ሳትወልድ ቆየች። ያላንኳኳችው የሐኪም በር አልነበረም። በሠላሳ ሰባት ዓመቷ ስታረግዝ ለማንም ትንፍሽ አላልንም። በእኛ ዘንድ እርግዝና ሆዱ ራሱ እስኪናገር ድረስ አይወራም። ባሏ አቪ ያን ጊዜ ለተጠባባቂ ጦር ተጠርቶ ነበር። ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ እኔ ቤት አመጣኋት።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከገበያ ስመለስ ኦርሊ ከሥራ ገብታ ሶፋው ላይ ተኝታለች። ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። ዘንቢሌን ሳላስቀምጥ ስልኳ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። እንዳትነቃብኝ ብዬ ፈጥኜ አነሣሁት። ልብ በሉልኝ፣ የጀመርኩት በደግነት ነው።

የደወለችው የጤና ጣቢያችን ነርስ ናት። እናቷ መሆኔንና ልጄ መተኛቷን ነገርኳት። ነገሩ ምን እንደሆነ ጠየቅኋት። ለኦርሊ ብቻ እንደምትናገር፣ ከመዝጋታቸው በፊት እንድትደውልላት፣ አደራ እንዳልረሳ፣ ነገሩ ጊዜ እንደማይሰጥ ነግራኝ ዘጋች። በትሕትና ነው የተናገረችው። ከዚህ የበለጠ አንድ ቃል አልወጣትም።

እኔ ግን በመርዶ ጆሮ ሰማሁት። ለእሷ ብቻ የሚነገር፣ ጊዜ የማይሰጥ፣ አደራ የሚባልበት ወሬ ምንድን ነው? ፅንሱ ሞቷል ብዬ ደመደምኩ።

የመርዶ ወግ ደግሞ ይታወቃል። እርጉዝ ሴት በድንገት አይነገራትም። የተኛ ሰው ተቀስቅሶ አይነገረውም። ሰው ይሰበሰባል፣ የሚይዛት ሰው አጠገቧ ይቀመጣል፣ ሽማግሌ ቃሉን አለስልሶ ያወጣዋል። ለእኔም አንድ ጊዜ እንዲህ ተደርጎልኛል፤ እሱን ኋላ እነግራችኋለሁ።

በረንዳ ወጥቼ ለታላቅ ወንድሜ ለአያ ባዘዘው ደወልኩ።

"ነገ የሰንበት ዋዜማ ነው" አለኝ። "በሰንበት ዋዜማ መርዶ የሚያረዳ አለ? ሰንበቷን በሰላም ትዋል። እሑድ በማለዳ አባ አስረስን ይዤ እመጣለሁ።"

"አያ፣ ነርሷ እኮ ዛሬ ትደውል ብላለች።"

"ሦስት ቀን ምን ያመጣል? ክፉ ወሬ አያረጅም። አንቺ ብቻ ፊትሽን ጠብቂ።"

የሚገርማችሁ፣ ከሁለታችን ምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ሳናውቅ ለቅሶ ልንቀመጥ ምንም አልቀረንም።

ኦርሊ ስትነቃ ማን ደወለ ብላ አልጠየቀችም። ስልኩ የተነሣ ስለሆነ ያመለጠ ጥሪ የሚል ምልክት የለበትም። እኔም አልነገርኳትም።

ዓርብ ማታ ራት ላይ ሁለት ጊዜ አስጨመረች። ከዚያ እጇን እየጠረገች፣ "ኢማ፣ የደም ብዲካው ውጤት እኮ አልመጣም" አለችኝ። ኢማ የምትለው እኔን እናቷን፣ ብዲካ የምትለው ምርመራውን ነው። "ካልደወሉ ግን ሀኮል በሴዴር ነው አይደል?"

ሁሉ ደህና ነው አይደል ማለቷ ነው።

"ካልደወሉማ ደህና ነው" አልኳት። በሰንበት ዋሸሁ።

እሱ ሳያንስ እጄን ይዛ ሆዷ ላይ አስቀመጠችው። "ዛሬ የተንቀሳቀሰ መሰለኝ" አለች። እኔ በልቤ፣ የሞተ ነገር እንዴት ይንቀሳቀሳል፣ ልጄ ተስፋዋ ነው የሚያንቀሳቅሳት አልኩ። እንባዬ መጣ። ሽንኩርቱ ነው አልኳት፤ ሽንኩርቱን ደግሞ የላጥሁት ጧት ነው። እንዲህ ያለች ውሸታም ናት ሰው ልትጠብቅ የተነሣችው።

እሑድ ገና ሳይነጋጋ አያ ባዘዘው መጣ። በሰፈራችን መርዶ ሲኖር የሚጠሩትን አባ አስረስን ይዟል። ጎረቤቴ እትዬ ዘነበችም ልጅቱን የሚይዝ ሴት ያስፈልጋል ተብላ ተጠርታለች። ሦስቱም ነጭ ለብሰው ሳሎኑ ውስጥ ተደርድረው ተቀመጡ።

እዚህ አገር እሑድ የሥራ ቀን ነውና ኦርሊ ለሥራ ልትዘጋጅ የጥርስ ብሩሿን ይዛ ከመኝታ ቤት ወጣች። አየቻቸው።

እዚህ አገር ባሏ ጦሩ ጋ ያለ ሴት በማለዳ ሰው ተሰብስቦ ስታይ ምን እንደምታስብ ልንገራችሁ አያስፈልግም። እኛ ግን ሽማግሌ ነን፣ ሰው አስተናግደናል፣ ወግ እናውቃለን የምንለው አራት ሰዎች፣ አንዳችንም ይህ አልመጣልንም። ከሐሙስ እስከ እሑድ አንዳችንም!

"አቪ!" ብላ ጮኸች። ብሩሹ ከእጇ ወደቀ። ግድግዳውን ይዛ ቁልቁል ተንሸራተተች። "አቪ ሞተ? ኢማ፣ ንገሪኝ! አቪ ነው?"

እትዬ ዘነበች ዘልላ ያዘቻት። አባ አስረስ በዕድሜያቸው ሁሉ ሰው ሲያረዱ የኖሩ ናቸው፤ መርዶ ሲመልሱ ግን ያን ቀን ነው ያየኋቸው። በትራቸውን ጥለው፣ "የለም፣ የለም ልጄ! አቪ ደህና ነው! የመጣነው ስለ ሆድሽ ነው!" አሉ።

"ሆዴ ምን ሆነ?" በሁለት እጇ አቀፈችው።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ያን ጊዜ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። ነርሷ ሐሙስ መደወሏን፣ ያለችውን፣ ያላለችውን ሁሉ ነገርኳት። ስናገረው ለራሴም ምን ያህል ባዶ እንደሆነ ተሰማኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ልጄን ከድንጋጤ አድናለሁ ብዬ በድንጋጤ ልገድላት ነበር።

ኦርሊ መጀመሪያ ለአቪ ደወለች። አላነሣም። ደግማ ደወለች፤ አላነሣም። በሦስተኛው በእንቅልፍ ድምፅ "ምን ሆንሽ?" ሲል ሁላችንም ሰማነው። ስልኩን ደረቷ ላይ ይዛ አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ወደ እኔ ዞረች።

"ሐሙስ ነው የተደወለው? አያ ባዘዘው አወቀ፣ አባ አስረስ አወቁ፣ ጎረቤት አወቀ። ሆዱ የማን ነው ኢማ? የእኔ ሆድ ከእኔ ይደበቃል?"

አያ ባዘዘው ወለሉን ያያል። ብዙም ሳይቆዩ ሦስቱም እንግዶች ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ወጡ።

ጤና ጣቢያው ሲከፈት ደወለች። ዛሬውኑ ነይ ተባለች። ቦርሳዋን አንሥታ እንዳልከተላት ነግራኝ ወጣች። ከመኪናው ቁልፍ ጋር ስትታገል በመስኮት አያታለሁ። ቁልፉ ሁለት ጊዜ መሬት ወደቀባት። ተመለሰች።

"ልበሺ፤ በአውቶቡስ እንሄዳለን" አለች። "ግን አፍሽን ትዘጊያለሽ።"

ዘጋሁ። ለእኔ ይህ ቀላል አይደለም።

ነርሷ አስቀመጠችንና ቀስ አድርጋ አስረዳች። ፅንሱ ሕያው ነው፤ የሞተ ነገር የለም። የደም ምርመራው ያሳየው ልጁ ዳውን ሲንድረም፣ አብሮ የሚወለድ የዕድገት መዘግየት፣ ሊኖረው የሚችልበት ዕድል ከተለመደው ከፍ ማለቱን ብቻ ነው። አለበት ማለት አይደለም። ቀጥሎ ምን ይደረግ ለሚለው ከአማካሪ ጋር መነጋገር እንደሚሻል ነግራ ለማክሰኞ ሆስፒታል ቀጠሮ ያዘችልን። ልጄ ሆዷን ይዛ ትልቅ ትንፋሽ ተነፈሰች። እኔ ሦስት ቀን የቀበርኩት ልጅ እዚያው ነበር፤ ዓርብ ማታም የተንቀሳቀሰው እሱ ነው።

ማክሰኞ ሆስፒታል ያገኘናት አማካሪ ፀጉሯ የሸበተ፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ነጭ ካፖርት አልለበሰችም። ጠረጴዛውን ትታ አጠገባችን መጥታ ተቀመጠች። አቪ በኦርሊ ስልክ ላይ በምስል አለ፤ ምስሉ ይቆራረጣል።

ሴትዮዋ የደም ምርመራውን በወንፊት መሰለችው። ወንፊት ላይ የቀረ ሁሉ እንክርዳድ አይደለም፣ አንዴ ደግማችሁ እዩት ማለት ነው አለች። ይህ ገባኝ። ከዚያ ያሉትን መንገዶች አወጣች። እዚህ ማቆም ይቻላል፤ አልፈልግም ማለትም መልስ ነው። ሌላ የደም ምርመራ አለ፤ የበለጠ ያጠራዋል፣ የመጨረሻ ቃል ግን አይሰጥም። ከሆዷ፣ ፅንሱን ከከበበው ውኃ በቀጭን መርፌ ቀድቶ መመርመርም አለ፤ እሱ ቁርጡን ይናገራል፣ ነገር ግን ለእርግዝናው ራሱ ትንሽም ቢሆን ሥጋት አለው። ዳውን ያለባቸው ልጆች እንዴት እንደሚያድጉ፣ ወላጆቻቸውን ማን እንደሚያግዝ ተናገረች። እንዲህ ያለ ልጅ ከምታሳድግ እናት ጋር መነጋገር ከፈለጋችሁ አገናኛችኋለሁ አለች። ቁርጡን ካወቁ በኋላ እርግዝናውን መቀጠልም ማቋረጥም የሚመርጡ እንዳሉ፣ እሷ የማንንም ምርጫ እንደማትፈርድበት ደግሞ ግልጽ አድርጋ ነገረችን።

"መርፌው ልጁን ቢነካብኝስ?" አለች ኦርሊ። "ሰባት ዓመት ነው የጠበቅሁት። ሳላውቅ ደግሞ አምስት ወር እንዴት እተኛለሁ?"

ላም እሳት ወለደች፣ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት የሚባለውን ያን ቀን በዓይኔ አየሁት። አፌ ድረስ የመጣ ነገር ነበረኝ። መርፌውን ተዪው፣ እግዚአብሔር የሰጠውን ተቀበይ ልላት። ምላሴን ነከስኩ።

"አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?" ብላ ጠየቀቻት ልጄ።

"እኔ አንቺን አይደለሁም" አለች ሴትዮዋ። "የምትፈሪውን ሁሉ ጠይቂኝ፤ የማውቀውን አልደብቅሽም። ውሳኔው ግን የአንቺና የአቪ ነው። ዛሬ መወሰን የለብሽም። ብቻ ያለሽ ጊዜ ረጅም አይደለም።"

ከዚያች አጭር ጊዜ ላይ ሦስት ቀን የሰረቅሁት እኔ መሆኔን አሰብኩ። ኦርሊም ያሰበች ይመስለኛል፤ ግን አላየችኝም።

ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞራ የምጠይቀው ነገር እንዳለ ጠየቀችኝ። ልጄን አየኋት። ትከሻዋን ሰበቀች፤ ተናገሪ ማለቷ ነው።

"ብትመረመር ውጤቱን ለማን ነው የምትነግሩት?" አልኩ።

አማካሪዋ ለእኔ አልመለሰችም። ወደ ኦርሊ ዞራ ጠየቀች። "እንዴት እንድንነግርሽ ትፈልጊያለሽ? በስልክ ነው ወይስ እዚህ ተቀምጠሽ? ብቻሽን ነው ወይስ ሰው አጠገብሽ ሆኖ? ሥራ ላይ ብትሆኚ እንደውል ወይስ እንቆይ?"

በሕይወቴ ሙሉ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምቼ አላውቅም። ክፉ ወሬ ሊነገረው የሚችለውን ሰው አስቀድሞ እንዴት ልንገርህ ብሎ መጠየቅ!

"በስልክ" አለች ኦርሊ። "ለእኔ ብቻ። የትም ብሆን፣ መቼም ቢሆን። ማንም እንዲያቆይልኝ አልፈልግም። ለኢማ እኔ ራሴ እነግራታለሁ።"

ሴትዮዋ ጻፈችው።

ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ያለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ሦስት ቀን የሸሸግሁት ሳያንስ ሠላሳ ሰባት ዓመት የሸሸግሁት እዚያ ወጣ። አንቺን ሳረግዝ እናቴ አገር ቤት ቀርታ ነበር አልኳት። ደብዳቤ መጻፍ ስለማላውቅ በካሴት ድምፄን እየቀዳሁ በአያ ባዘዘው በኩል በሰው እልክላት ነበር። ሆዴ እንዴት እንደገፋ፣ ምን እንዳማረኝ፣ ስምሽን ማን እንደምልሽ። ስትወለጂ ያለቀስሽውን ሁሉ ቀድቼ ላክሁ። ሰማንያ ቀንሽ ሲሞላ፣ ከአራስነቴ ስነሣ፣ በማለዳ ነጭ የለበሱ ሰዎች መጡ። እናቴ ከሞተች ዓመት አልፏታል። ወንድሜ ያውቅ ነበር። ካሴቶቹን አላስላከም፤ ሳጥን ውስጥ ደብቆ አስቀመጣቸው። ያን ሁሉ ወር ለሞተች እናቴ ሳወራ ኖሬያለሁ።

"ተናደድሽ?" አለችኝ።

"አመሰገንኳቸው። ልጄንና ወተቴን ከሐዘን ጠበቃችሁልኝ አልኩ። እስከ ዛሬ ግን እዚህ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰክቶብኛል።" ጉሮሮዬን አሳየኋት።

"እና ያንኑ ለእኔ አደረግሽው።"

"አዎ ልጄ። ያንኑ አደረግሁብሽ። ይቅር በዪኝ።"

እጄን ያዘች። ይቅር ብያለሁ አላለችም፤ እጄን ግን አውቶቡስ እስክንሳፈር አለቀቀችም።

አቪ የሁለት ቀን ፈቃድ አግኝቶ መጣ። መኝታ ቤት ዘግተው ብዙ ተነጋገሩ። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅሁም። ሲወጡ በመርፌው መመርመሩን መርጠዋል። እኔ በጸሎት ብቻ ተሳተፍኩ፤ እሱንም ጮክ ብዬ አልጸለይኩም። መርፌው በሰላም አለፈ። ከዚያ መጠበቅ ሆነ።

ጥሪው የመጣው ገበያ መሃል ነው። ዓርብ ረፋዱ ላይ የሀደራ ገበያ እንዴት እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቃል። ኦርሊ ከእኔ አሥር እርምጃ ርቃ ብርቱካን ትመርጣለች። ቦርሳዋን እኔ ይዤዋለሁ። ውስጡ ስልኩ ጮኸ። አወጣሁት። ምን እንደሚል ማንበብ ባልችልም የሆስፒታሉን ቁጥር ከቀጠሮው ወረቀት ላይ በዓይኔ አጥንቼው ስለነበር አወቅሁት።

ዓርብ ነው፤ የሰንበት ዋዜማ። እጄ አመል አለበትና ድምፁን ሊያጠፋው ፈለገ። ቤት ትግባ፣ ትቀመጥ፣ ውኃ ትጠጣ፣ አንድ ሰው ልጥራ አለ። የጮኸው አራቴ ይሁን አምስቴ፣ ለእኔ ግን ዓመት ነው። ልጄ ጎንበስ ብላ ብርቱካኑን ታሸታለች፤ ምንም አታውቅም፤ ደስ ብሏታል። ያንን ፊት እስከ ነገ ማታ ላቆይላት እችል ነበር።

ዘንቢሌን እዚያው ጥዬ በሰው መሃል እየተጋፋሁ ሄድኩ።

"ለአንቺ ነው" አልኳት።

ቁጥሩን አየች። ብርቱካኑን ለእኔ ሰጥታ ስልኩን ወሰደች። በአንድ እጇ ጆሮዋ ላይ ይዛ በሌላው የሹራቤን እጅጌ ጨበጠች። ሻጩ ቲማቲም ቲማቲም እያለ ይጮህ ስለነበር አንድ ቃል አልሰማሁም። ልሰማም አልሞከርኩም።

ስትጨርስ እዚያው ቆማ፣ ራሷ ነገረችኝ።

ባለፈው ወር አያ ባዘዘው ደወለልኝ። ሰላምታውን ሳይጨርስ፣ "እህቴ፣ ከአገር ቤት አንድ ወሬ መጥቷል። ሰው ይዤ ልምጣ ወይስ አሁን ልንገርሽ?" አለኝ። ሰማንያ ዓመቱን አልፏል፤ ወግ የሚለውጥበት ዕድሜ አይደለም። አሁን ንገረኝ አልኩት። የአክስታችን ልጅ ሞት ነበር። ስልኩን ሳንዘጋ እሱ እዚያ፣ እኔ እዚህ ሆነን አለቀስን። እኔ ግን ከአክስታችን ልጅ ይልቅ ያለቀስሁት ለዚያ ለጠየቀኝ ቃል ነው።

ሕፃኑ አሁን ጭኔ ላይ ነው። መነጽሬን እየሳበ ስለሚያስቸግረኝ ይህን የምናገረው እየተቋረጥኩ ነው፤ የምትጽፈው ኦርሊ ናት። ፈቅዳልኛለች። ውጤቱ ምን ነበር ትሉኝ ይሆናል። እሱ የእኔ ወሬ አይደለም። አንድ ቀን ልጁ ሲጠይቅ እናቱ ትነግረዋለች። የእኔ ድርሻ ስልኩን ማቀበል ነበር፤ አቀበልኩ።